አባቴ ጡብ ያንኳኳል

ባለፈው ግንቦት ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የገዛኋት አሮጌ ግቢ አለች። ጓሮዋ ያለውን ሰርቪስ ቤት እያስፈረስኩ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ የድሮውን ጡብ አንስቶ በባለ 15 ብሎኬት ሦስት ክፍል ማውጣት። አባቴ በጠዋት ሚኒባስ ከኮምቦልቻ መጣ። ማንም አልጠራውም። "ልይላችሁ ብዬ ነው" አለ።

ልጆቹ ግድግዳውን በመዶሻ እየናዱ ጡቡን ወደ ጥግ ይወረውራሉ። አባቴ ትንሽ ቆሞ አየና አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ አንድ ጡብ አነሳ። በግራ መዳፉ ላይ ሳይጨብጥ አስቀመጠው። በቀኝ እጁ የጣት አንጓ መታ አደረገውና ጆሮውን አስጠጋ። ኳ! አለ። ወደ ቀኙ አስቀመጠው። ሁለተኛውን አነሳ። ይሄኛው ዱብ አለ፤ ወደ ግራ። ሦስተኛው ኳ፤ ወደ ቀኝ።

"ፋዘር፣ እሱ እኮ ለመሙያ ነው የሚሆነው፤ ዝም ብለው አይልፉ" አለው አንዱ ልጅ። አባቴ ቀና ብሎም አላየው።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር። አቧራው ሽበቱ ላይ አርፏል። ጆሮው ጡቡ ላይ፣ ዓይኑ ጨፈን። ፎቶውን ሳነሳ ከላዩ ምን ብዬ እንደምለጥፈው ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፤ "የመጨረሻው ጡብ ሠሪ" ምናምን የሚል ነገር።

"ምን ልታደርገው ነው?" አለኝ።

"ሰው ይየው ብዬ ነው አባዬ። ሙያው እንዳይረሳ።"

"ይረሳ" አለ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ምን?"

"ይረሳ እንጂ! ምን ያደርጋል?" አለና የሚቀጥለውን ጡብ አንኳኳ።

ፎቶው እስካሁን ስልኬ ውስጥ ነው። አልለጠፍኩትም። ያቺ "ይረሳ" ግን ይኸው ስንት ወሯ፤ ማታ ማታ ትመጣብኛለች።

ልጅ ያቦካው

አባቴ ኮምቦልቻ የገባው በክፉ ቀን ነው። ወሎ ውስጥ "ክፉ ቀን" ሲባል የትኛው እንደሆነ በዕድሜ ይታወቃል፤ የሱ የ65 እና 66ቱ ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ከቆላው መንደር ከአያቴና ከሁለት እህቶቹ ጋር ተነሱ፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባው አስፋልት ወጡ። ከእህቶቹ ኮምቦልቻ የደረሰችው አንዷ ብቻ ናት። ስለ ሌላዋ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም።

ከቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ጡብ ማምረቻ ነበር። ፋብሪካ ሲሉት እንጂ አንድ ምድጃ፣ ሁለት የሣር ዳስ እና አንድ የጭቃ ጉድጓድ ነው። አያቴ ውሃ በመቅዳት ገባች፤ እሱም ተከትሏት ገባ። ክፍያው በቀን ስሙኒ። ሃያ አምስት ሳንቲም ለማያውቅ ትውልድ ነው የምጽፈው፤ ስሙኒ ያኔም ቢሆን ብዙ ገንዘብ አልነበረም። ግን ክፉ ቀን ነው።

የሰጡት ሥራ ጭቃ መርገጥ ነው። ማታ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት ልጆች ገብተው በእግራቸው ያቦኩታል። ጠጠር በእግር ጣት እየተፈለገ ይወጣል፤ አንዲት ጠጠር ከቀረች ጡቡን እሳት ላይ ትሰነጥቀዋለች። ትልቅ ሰው ጠጠሯ አይሰማውም፤ ተረከዙ ደንድኗል። የልጅ እግር ግን ይሰማዋል። ልጅ የሚፈለገው ለዚህ ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አባቴ ያቦካው ግን ለአያቴም ለእህቱም ራት ሆኗል።

አድጎ ቅርጽ አውጪ ሆነ። የጭቃውን ጉማጅ አንስቶ፣ አሸዋ ነስንሶ፣ የእንጨቱ ቅርጽ ውስጥ በአንድ ምት መወርወር ነው። ቀስ ብሎ መጠቅጠቅ የለም፤ ጥጉ ባዶ ይቀራል። ከላይ የተረፈውን በሽቦ ቆርጦ ይገለብጠዋል። ቁመቱ 25፣ ወርዱ 12፣ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቅርጹ ከዚያ ተለቅ ይላል። ተጠብሶ ሲወጣ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በቀን እስከ አምስት መቶ ያወጣ ነበር።

ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት የማየው ይህን ነው። የዳሱ ሥር በእርጥብ ጡብ ተሞልቷል። መጀመሪያ ተኝቶ፣ ትንሽ ጠንከር ሲል በጎኑ ቆሞ፣ ከዚያ አየር እንዲያልፍ ተራርቆ ይደረደራል። ዳስ የተሠራለትም ምክንያት አለው። እርጥብ ጡብ ፀሐይ ካየ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይከርማል። ይህን ያኔ እንደ ሙያ ነው የማየው። ሌላ ትርጉሙ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን አባቴ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በምሳ ሰዓት ጡብ ጠብቅ ተብሎ እንቅልፍ ጣለው። የጎረቤት ፍየል ገብታ እርጥቡ ላይ ተመላለሰችበት። ካቦው የሦስት ቀን ስሙኒ ቆረጠው። ጡቡ ግን አልተጣለም። ከነሰኮናው ተጠብሶ ተሸጠ፤ ከልስን ሥር ማን ያየዋል። "ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ካንዱ ሀብታም ሳሎን ውስጥ የዚያች ፍየል እግር አለ" እያለ ይስቃል። በሕይወቱ ስለ ጡብ እየሳቀ ሲያወራ የሰማሁት ይቺን ብቻ ነው።

እሳቱ

ስለ ምድጃው ማውራት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የልጅነቴ ትልቁ ትርኢት እሱ ነበር። የደረቀው ጡብ እንደ ቤት ይካባል፤ ከሥሩ የእሳት መግቢያ ጉድጓዶች ይተዉለታል። ዙሪያው በጭቃ ይለሰናል። ከዚያ የባህር ዛፍ ግንድ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለቀናት።

አጣዳፊ ሰው ጡብ አይጠብስም። መጀመሪያ እሳቱ ለስላሳ ነው። ከላይ የሚወጣው ጭስ ነጭ ከሆነ ገና ውኃው እየወጣ ነው ማለት ነው። ያኔ እሳት ቢጨመር ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ጡቡ ይፈነዳል። ጭሱ ሲሳሳ ነው ግንዱ የሚጨመረው። ሌሊት በመግቢያው ስታየው ውስጡ ብርቱካን ይመስላል። አባቴ ሰዓት አልነበረውም፤ ቀለሙን አይቶ ነው "ደርሷል" የሚለው። ከዚያ መግቢያው ይደፈናል፤ ለመቀዝቀዝ ደግሞ ሌላ ቀናት።

ሲከፈት የመጀመሪያውን ጡብ አውጥቶ ያንኳኳዋል። ኳ ካለ እሳት ጠግቧል። ዱብ ካለ ጥሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይፈርሳል። ዙሪያው የቆመ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ያ ድምፅ የስንት ሰው ሳምንት ነው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው የአባቴን ፊት ነው፤ ኳ ስትል ፈታ የሚለውን።

እንግዲህ ሙያ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ይህን ያየ ልጅ "ይረሳ" ሲባል ምን ይበል?

እየተዘጋ የሄደ ነገር

የማምረቻውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የግለሰብ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለኪራይ ብሎ የጡብ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋና ቀዘቀዘ። በደርግ ጊዜ ማኅበር ሆነ። ከ1983 በኋላ ተመልሶ የግለሰብ ሆነ፤ ለጥቂት ዓመታትም ደህና ሄደ።

የገደለው ብሎኬት ነው። ብሎኬቱን ስወቅስ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ነገሩ ግን ሒሳብ ነው። አንድ ባለ 20 ብሎኬት የዘጠኝ ጡብ ያህል ቦታ ይይዛል። እሳት አይፈልግም፤ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል። የባህር ዛፍ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል። ደግሞ ቤት አሠራሩም ተለወጠ። ድሮ ሸክሙን የሚችለው ግድግዳው ራሱ ነው፤ አሁን ኮለኑ ይሸከማል፣ ግድግዳው መሙያ ነው። ለመሙያ ማን ሦስት ኪሎ ጡብ ይገዛል? ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ደግሞ አገሩ ሁሉ ብሎኬት በብሎኬት ሆነ።

ምድጃው የተዘጋው በ1999 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ያን ቀን በጊዜ ቤት መጣ። ታጠበ። ዙህርን ቤት ሰገደ፤ በሥራ ቀን እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። "አልሐምዱሊላህ" አለና ተኛ። እማዬ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እሱ እስከ ማግሥቱ ፈጅር ድረስ አልተነሳም።

ያን እንቅልፍ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የተስፋ መቁረጥ እንቅልፍ ነው ብዬ ይዤው ነበር። ለሰውም ስተርክ "አባቴ ምድጃው የተዘጋ ቀን ተሰበረ" እላለሁ። ያምርብኛልም። አንዴ እንደውም ስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ሰው አጨበጨበ።

ጥላ

ደሴ "ይረሳ" ካለኝ በኋላ ከልጆቹ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁበት። ደፍሬ ጠየቅሁት። "የተዘጋ ቀን አላዘንክም ነበር?"

"በምኑ?"

"በሥራው ነዋ። ሠላሳ ሦስት ዓመት።"

ሻዩን አስቀመጠ። ሲናገር አልተቆጣም። ለልጅ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር።

"ስማ። ጡቡ የት ነበር የሚደርቀው?"

"ዳስ ሥር።"

"እኛስ የት ነበርን?"

ዝም አልኩ።

"ጡቡ ጥላ ሥር፣ እኛ ፀሐይ ላይ። ለጡቡ ጥላ የተሠራለት እንዳይሰነጠቅ ነው። አየህ፣ እሱ ቢሰነጠቅ ኪሳራ ነው። እኛ ብንሰነጠቅ ሌላ ሰው አለ፤ በር ላይ ቆሟል።" እግሩን ዘረጋ። ተረከዙ ላይ ያለውን መስመር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "የተዘጋ ቀን ምን አልኩ መሰለህ? ከእንግዲህ የኔ ልጅ እዚህ አይገባም አልኩ። ከዚያ ተኛሁ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነበር መሰለህ!"

እንግዲህ ያ እንቅልፍ ይሄ ነው። እኔ የማጨበጨቢያ ታሪክ ያደረግሁት።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። እኛ ያደግነው በጭቃ ቤት ነው፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ግፍ እያነሳሁ ነበር የምኖረው። እሱ ግን ስለ ቤቱ አንድም ቀን ተማርሮ አያውቅም። ጭቃ ቤት በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ውስጡ ጥላ ነው። እሱ የሚለካበት መለኪያ ሌላ ነበር፤ እኔ አላየሁትም።

ቅሬታ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ጡረታ የለውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው፤ ምድጃው የተዘጋው በ1999። ሠላሳ ሦስቱ ዓመት የትም አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ብሎኬት ማምረቻ ሠራ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ማሽኑ ያንቀጠቅጣል፣ ሲሚንቶው እጅ ይበላል፣ ፀሐዩም ያው ፀሐይ ነው። "አንድ ለውጥ አለው፤ ክረምት ላይም ይሠራል" ይላል። ጡብ ክረምት አይደርቅም፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራ የለም፣ ገንዘብም የለም። ክረምታችን የምግብ ብዛት የሚቀንስበት ወቅት እንደነበር አሁን ነው የማስበው። ያኔ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ነበር የምንወደው።

ታናሽ እህቴ

ግን አባቴ የሚያለቅስለት ሥራ አለ። የራሱ አይደለም።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ አባቴ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ አይቷል። ሰማያዊና ነጭ ሼዶቹን ሲያይ ምን እንዳለ እማዬ ናት የነገረችን። "ይሄ ሁሉ ጥላ!" አለ አሉ። እኛ ሳቅንበት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ታናሽ እህቴ እዚያ ልብስ ስፌት ገባች። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ በጣም ትንሽ። እኔ ይህን እያነሳሁ ስነጫነጭ አባቴ ያቋርጠኛል። "ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው። ጣራ አለ። ውሃ ቧንቧ አለ።" ማታ ስትገባ ፊቷን ያያል። ፀሐይ አልነካትም። ያ ይበቃዋል።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከሳምንታት በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ከተሞቹ ሲለቀቁ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፎ፣ ተሰባብሮ ተገኘ። ታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፤ ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት በር ተዘጋ። እህቴ ወደ ሥራ ጠሩኝ፣ አልጠሩኝም ስትል ወራት አለፉ። አልጠሯትም። አንድ ቀን ዕቃሽን ውሰጂ ተብላ ሄዳ ተመለሰች። ፌስታሉ ውስጥ ሽርጥ፣ አንድ ባጅ፣ አንዲት የክር መቁረጫ መቀስ።

አባቴ ያኔ ጥበቃ ነበር፤ ለሊት ሊገባ እየተዘጋጀ ነው። ፌስታሉን አየ። መቀሷን አወጣ። በጣቱ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጋት። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ቁጭ አለ። ወጥቼ አጠገቡ ስቀመጥ ፊቱን አዞረብኝ።

"ጥላ ነበረው እኮ" አለ። "አብሽር አባዬ፤ ሌላ ይገኛል" አልኩት። አልመለሰልኝም።

ያን ማታ ስለ እህቴ ደመወዝ የሚያዝን መስሎኝ ነበር። ሞኝነቴ። እህቴ አሁን ሰኞ ገበያ በላስቲክ ሥር ቦንዳ ትሸጣለች። ከነበራት ደመወዝ የተሻለ የምታገኝበት ወር አለ። ክረምት ላስቲኩ ያፈሳል፤ በጋ ያቃጥላል። አባቴ ደሴ በመጣ ቁጥር እሷ ጋ ሄዶ ላስቲኩን ያጠብቅላታል፤ ገመዱን ፈቶ ያስራል፣ ፈቶ ያስራል። "ስንት ሸጥሽ?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ፎቶው

ሰው ስለ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ መድከም ሲጽፍ አነባለሁ። ስለ ዶላር፣ ስለ ጥሬ ዕቃ፣ ስለ መብራት። እውነት ነው ሁሉም። እኔም አንዱ ጸሐፊ ነኝ፤ ምድጃው ተዘጋ እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል እንደሚባለው፣ ያለፋቸውን ቀን እኛ ልጆቻቸው ተመልሰን ስሙን "ሙያ" ብለን ልንናፍቀው ያምረናል። አላውቅም፤ እኔን ብቻ ይሆናል።

ሆኖም አንድ ነገር አልፈታ ብሎኛል። "ይረሳ" ያለው ሰው ነው እኮ ሰዓታት ቁጭ ብሎ የማያውቀውን ሰው ጡብ ያንኳኳው። "የናንተ ጡብ ነው እንዴ?" ብዬ ስጠይቀው "አይደለም፤ የኛ ቀላ ይላል፣ ጠርዙም ሹል ነው" አለኝ። እንዴት ቢጠላው ነው ከሃያ ዓመት በኋላ በጠርዙ የሚለየው? ኳ ስትልም ያቺ ፊቱ ላይ የማውቃት ነገር መጥታለች፤ ፎቶው ላይ ትታያለች። ይህን ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ሁሉንም ለኔ እንዲያስረዳኝ ማን ግዴታ ጣለበት።

በዚያው ቀን የምሳ ሰዓት ደረሰ። ደሴ ብርድ ነች ይባላል እንጂ የግንቦት ቀትሯ አይቻልም። ልጆቹ ፍርስራሹ ላይ ተበትነው፣ ሻርፕ ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ፌስታላቸውን ፈቱ። አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ተነሳ። በቀኙ የደረደረውን ጡብ፣ ኳ ያለውን፣ ሁለት ቦታ ከፍሎ እንደ ግንብ ካበው። ፈጣን ነበር፤ አንዱ ልጅ ሊያግዘው ቢነሳ እንኳ አልደረሰበትም። ከዚያ ከሰርቪሱ ጣራ የወረዱትን ሁለት ቆርቆሮዎች ጎትቶ አምጥቶ ከላይ አጋደማቸው።

"ኑ፣ እዚህ ግቡና ብሉ" አላቸው።

ቆርቆሮዎቹን ጠዋት ለአንድ ቆራሌ ሸጬ ብሩን ተቀብያለሁ። ሰውየው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሪ ይዞ መጣ። ከሥሩ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ሽሮ ይበላል። እኔን አየኝ። እኔ አባቴን አየሁት።

"ዘጠኝ ሰዓት ተመለስ" አለው አባቴ።

ቆራሌው ተመልሶ የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው።